የሰፈር ልጅ ከተማ አያሳይም

ለአንድ ቀን አዲስ አበባ የሚያርፍ እንግዳ ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «የከተማውን ልጅ ያዝ»። ከጎንደር ለጉዳይ የመጣውም፣ ከ20 ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን የተመለሰውም፣ ሻንጣውን አስረክቦ የማታውን በረራ የሚጠብቀው መንገደኛም ይህንኑ ይባላል። መጽሐፍ ያረጃል፤ አስጎብኚ ለገንዘቡ ነው፤ ካርታ ስም እንጂ ሰው አያሳይም። ወዳጅ ግን ተወልዶ ያደገበትን ስለሚያሳይ እውነተኛዋን ከተማ ያሳያል ተብሎ ይታመናል። እምነቱ ከእንግዳ ተቀባይነት ጋር ተጣብቆ ስለሚነገር ደፍሮ የሚሞግተው አይገኝም። በአዲስ አበባ ጉዳይ ግን ስህተት ነው። በከተማው ልጅ ሲመራ የዋለ እንግዳ ማታ ላይ ያወቀው ወዳጁን ነው። ከተማዋንማ ከጠዋቱ ይልቅ ማታ ያንሳታል፤ ጠዋት ቢያንስ አለማወቁን ያውቅ ነበር።

ስህተቱ የሚጀምረው «የከተማው ልጅ» ከሚለው ስም ነው። አዲስ አበባ ያላት የሰፈር ልጅ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ሲያሠሩና ስሟን ሲያወጡላት፣ ፊንፊኔ ይባል በነበረው መሬት ላይ የተተከለው ድንኳንና ግቢ ነበር፤ የጎዳና ፕላን አልነበረም። የቤተ መንግሥቱ ግቢ አንዱን ጉብታ ያዘ። በዙሪያው ያሉት ጉብታዎች ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ታደሉ። በእያንዳንዱ መኳንንት ቤት ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፣ አሽከሩ፣ አንጥረኛው፣ ጠጅ ጣይዋ ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ የመጣ ነው፤ «ከተማ»ም ቢሆን በጥንቱ አነጋገር ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር። ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይህንኑ ይመሰክራሉ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንቺ ይቅጡ ይወርዳሉ፤ ድልድይ ሳይበዛ ክረምት ሲገባ አንዱ ጉብታ ከሌላው ይቆረጥ ነበር።

ይህ አሰፋፈር ያስገኘው መልካም ነገር አለ። ባለጸጋው ከግንብ አጥሩ ጀርባ፣ ድሃው ከአጥሩ ሥር ተጎራብተው ኖሩ፤ እያንዳንዱ ሰፈር ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ሱቁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ እድሩን፣ የኳስ ሜዳውን ይዞ ለራሱ ሙሉ ሆነ። ሙሉ ስለሆነም የሚወጣበት ምክንያት አነሰ። ጉለሌ ያደገ ሰው ቄራን የሚያውቀው በስም ነው፤ ቄራ ያደገ ሰው ሽሮ ሜዳ የሚሄደው ለሠርግ ልብስ ነው። ሁለት የአዲስ አበባ ሰዎች ሌላ አገር ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «የት ሰፈር ነህ?» ብለው መሆኑ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነው፤ ከተማው አንድ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ባላስፈለገ። ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነች፣ በ11 ክፍለ ከተሞች የተከፈለች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ጀምሮ 2,100 ሜትር ገደማ እስከሚሆነው የአቃቂ ሜዳ የምትወርድ ከተማ፣ አንድ ሰው በአንድ ሰፈር ስለተወለደ ብቻ በእጁ አትገባም።

ታዲያ የሰፈር ልጅ ለእንግዳው የሚያሳየው ምኑን ነው? ሰፈሩን ቢያሳይ ባልከፋ። ሰፈሩን ግን አያሳይም፤ ምን የሚታይ አለው ብሎ ያፍርበታል። የተለመደውን የጉብኝት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተከትሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

ወዳጅ በ3 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ በ4 ተኩል ይደርሳል። መኪና ካለው በመኪናው፣ ከሌለው ራይድ ጠርቶ ነው። መጀመሪያ ማኪያቶ ይጠጣል፤ ከዚያ ወደ እንጦጦ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ፎቶ ይነሣል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም በዚያው ተራራ ላይ ናት፤ ጊዜ ከተረፈ በመስኮት ትታያለች። ቁልቁል ሲመለሱ ወገባቸው እስኪጎብጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ይወርዳሉ። መኪናው ጥሩምባ ነፍቶ ያልፋቸዋል፤ ወዳጅ ጨዋታውን አያቋርጥም፤ እንግዳም አይጠይቅም።

የዚያን ቀን ትልቁ መጥፎ ዕድል ይኸው ነው። ከተማዋ ለምን እዚህ እንደ ቀረች የሚናገረው በሴቶቹ ጀርባ ላይ ያለው ሸክም ነውና። ነገሥታቱ በየጊዜው ከተማ ይቀይሩ ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ ማለቅ ነበር። አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ብዙ ሳትቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ተመናመነ፤ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ሄደው አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ፤ መናገሻው ወደዚያ ሊዞር ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ፣ በጥቂት ዓመት የሚደርሰውና ሲቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጠው፣ በዚሁ ጊዜ ተተክሎ ከተማዋን ባለችበት አስቀራት። እነዚያ ሴቶች የሚያወርዱት እንግዲህ የአዲስ አበባን መኖር ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። በወዳጅ መኪና ውስጥ ግን ሸክሙ መንገድ የሚያጣብብ ነገር ነው።

ምሳ ላይ ክትፎ ወይም ጥሬ ሥጋ ይቀርባል። ከሰዓት በኋላ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ወይም ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይጎበኛል። ሁለቱም መታየት ይገባቸዋል፤ ለሁለቱም የሚያስፈልገው ግን የመግቢያ ትኬት እንጂ ወዳጅ አይደለም። ብሔራዊ ሙዚየም በፕሮግራሙ ውስጥ ከገባ ወዳጅ በር ላይ ስልክ እያናገረ ይጠብቃል። እሱ የገባው ተማሪ ሳለ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን አንዴ አይቷታል፤ ይበቃዋል። ማታ ደግሞ የባህል ምሽት ቤት አለ፦ መሶብ፣ ጠጅ በብርሌ፣ እስክስታ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይታለፍ መነገር አለበት። ወዳጅ ወደዚህ ቤት የሚመጣው እንግዳ ሲኖረው ብቻ ነው። እውነተኛዋን ከተማ ያሳያል የተባለው ሰው ቀኑን የሚዘጋው እሱ ራሱ በማይኖርባት ከተማ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ የወዳጅ ክፋት አይደለም፤ ደግነቱ ነው። በኢትዮጵያ ወግ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ አዲሱ ስኒ ይወጣል፣ ጓዳው ይዘጋል። ገመና የሚሸፈነው ከጠላት ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ከሚወደድ እንግዳ ነው። ይህ ወግ ለቤት ያማረ ነው። ለከተማ ግን አይሆንም፤ ከተማ ማለት ከነጓዳው ነውና። ከጎዳናው በታች ወንዙ ዳር የተደረደረው የቆርቆሮ ቤት፣ የቀበሌ ቤቱ የጋራ መጸዳጃ፣ ለታክሲ የተሰለፈው ሕዝብ፣ ውሃ የሚጠብቀው የጀሪካን ረድፍ፣ አዲስ አበባ የምትኖረው በእነዚህ ነው። ወዳጅ መንገድ እየመረጠ ያመልጣቸዋል። ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው፣ ለአሥርት ዓመታት የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረ ተራራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩና ከዚያው እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። እንግዳ ወደዚያ ተወስዶ ድህነትን እንደ ትርኢት ይመልከት የሚል ሰው ካለ ነውረኛ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስለ ከተማዋ ሲያወራ የዋለ ሰው ስሙን እንኳ ካላነሣ፣ ያሳየው ሳሎኑን ነው።

የሂሳቡም ነገር አለ። ጠዋት ማኪያቶውን፣ ቀን ምሳውን፣ በየመንገዱ ትራንስፖርቱን ወዳጅ ይከፍላል። እንግዳ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «በሞቴ» ተብሎ ይከለከላል። ሁለቱም ለወጉ ይታገላሉ፤ ወዳጅ ያሸንፋል። ውጤቱ እንግዳው የአንድ ዳቦ፣ የአንድ ታክሲ፣ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ሳያውቅ መመለሱ ነው። ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወሩት ስለ ኑሮ ውድነት በሆነባት ከተማ ውስጥ ዋጋ ሳያውቁ መዋል፣ ቋንቋ ሳያውቁ ከመዋል አይሻልም።

መርካቶ ላይ ሲደረስ ይህ ምክር የሚያደርሰው ጉዳት ከየትኛውም ቦታ ይብሳል። ወዳጅ «ከመኪና ሳንወርድ እንለፍበት» ይላል፤ መስኮት ይዘጋል፤ የአፍሪካ ትልቁ የገበያ ቦታ ነው የሚለው የተለመደ ቃል ይነገራል፤ ያልፋሉ። የመርካቶ ታሪክ ግን በመስኮት አይታይም። የከተማዋ የቀድሞ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ነጩ ከሐበሻው ተለይቶ እንዲኖር አቅዶ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መሐሉን ለራሱ አስቀረ። ፒያሳና መርካቶ የሚሉት ሁለት የጣሊያንኛ ቃላት የዚያ ክፍፍል ትራፊዎች ናቸው። ካዛንቺስም በዚያው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የወጣ ስም ነው። የከተማው ልጅ ሦስቱን ስሞች በቀን አሥር ጊዜ ይጠራቸዋል፤ ከየት እንደ መጡ ቢጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ ይስቃል።

መርካቶ የሚገባው በእግር ነው፤ ሥርዓቱ በ«ተራ» ነውና። ሸማ ተራ፣ ቅመም ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፤ እያንዳንዱ ተራ የራሱ ነጋዴ፣ የራሱ ተሸካሚ፣ የራሱ ደላላ አለው። ከሁሉም ምናለሽ ተራ አንድ ሙሉ ከሰዓት ይገባዋል። ሌላ አገር የሚጣለው በርሜል እዚህ ይተረተራል፣ በመዶሻ ይዘረጋል፣ ምድጃ ወይም ባልዲ ወይም የልብስ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ የመዶሻው ድምፅ ገና ሩቅ ሳሉ ይሰማል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው ቆመዋል። እንግዳ እዚያ ሲደርስ ዋጋ ቢጠይቅ፣ ቢከራከር፣ ቢታለል እንኳ አንድ ነገር ይማራል። ወዳጅ አብሮት ከወረደ ግን ክርክሩን እሱ ይከራከራል፤ ሻጩ የሚያናግረው እሱን ነው፤ እንግዳ ዕቃውን ብቻ ይዞ ይወጣል። ወያላውን የሚያናግረው ወዳጅ፣ ለማኙን «እግዜር ይስጥህ» ብሎ የሚመልሰው ወዳጅ፣ አስተናጋጇን የሚጠራው ወዳጅ። ሰው በሰው አፍ ከተማ አይተዋወቅም።

የወዳጅ ዕውቀት እንዳለ ቢቀመጥ እንኳ ሌላ ችግር አለበት፤ አርጅቷል። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ሲያዞር ሰፈሮቹ ባሉበት ረጉ፤ ተከራዩ በቀበሌ ቤት ውስጥ ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አየ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ግን የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሁሉ ወደ ጀሞ፣ ወደ አያት፣ ወደ የካ አባዶ ተበተነ። ልደታ ላይ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በምትኩ ኮንዶሚኒየም ቆመ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊው ክፍል፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማቱ ፈረሱ። የፒያሳ ልጅ ዛሬ እንግዳውን ይዞ ሲዞር የሚናገረው በ«ነበር» ነው፤ እዚህ ኬክ ቤት ነበር፣ እዚህ የእነ እገሌ ግቢ ነበር። አሁን የሚኖርበትን ጀሞን ደግሞ ለመተኛት ብቻ ስለሚገባበት አያውቀውም። ከውጭ የተመለሰው እንግዳ ከአብሮ አደጉ ጋር ሲዞር ይህ እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱም ያች የድሮዋ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ የዛሬዋ በአጠገባቸው ታልፋለች። የትዝታ ጉብኝት የራሱ ክብር አለው፤ ሁለት ሰዎች አብረው ሊያለቅሱም ሊስቁም ይገባቸዋል። ስሙ ግን ከተማ ማየት አይደለም።

ምክሩን የሚደግፉ ሰዎች መልስ አላቸው፤ መልሶቻቸውም ሁሉ ደካማ አይደሉም። ከሁሉ የሚበረታው የደኅንነት ነገር ነው። መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ፣ መገናኛ ኪስ አውላቂ አለ፤ ስልክ የሚመነትፍ አለ። እውነት ነው። ይህን ለማወቅ ግን የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር እንጂ አንድ ሙሉ ቀን አጃቢ አይደለም፦ ስልክ በእጅ አይያዝም፣ ቦርሳ ወደ ፊት ይዞራል፣ ሳይመሽ ይመለሳል። ለእንግዳ ዋጋ ይጨመርበታል የሚለውም እውነት ነው፤ የሚጨመረው ግን ወዳጅ ለባህል ምሽት ቤቱ ከሚከፍለው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም። ቋንቋስ? ከጎንደርና ከዋሽንግተን ለመጣው አማርኛ ችግሩ አይደለም። ጊዜ ይቆጠባል ለሚለው ደግሞ የቀኑ ፕሮግራም ከላይ ተጽፏል፤ ከ3 እስከ 4 ተኩል ያለውን ጥበቃ ጨምሮ።

የቀረው ታሪክ ነው፤ ወዳጅ መጽሐፍ የማያውቀውን ያውቃል ይባላል። አንዳንዴ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያውቀው ስሙን ነው። ሰባራ ባቡር ለምን ሰባራ ባቡር ተባለ ቢባል ሐዲድ ይፈልጋል፤ እዚያ ግን ሐዲድ ኖሮ አያውቅም፤ ተበላሽቶ የቆመው በምኒልክ ዘመን የመጣ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ሥራ ሞተር ነበር። ለገሃርም የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ስም መሆኑን፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱን ብዙው አያውቅም። አሮጌው አየር ማረፊያ የሚባለው ሰፈር የከተማዋ ዋና አየር ማረፊያ መሆኑ ከቀረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የቆመበት ቦታ ቀድሞ ዓለም በቃኝ የሚባለው እስር ቤት እንደ ነበር የሚያውቁ የሰፈር ልጆች አሉ፤ ግን በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እንግዳ ይዞ የመዞር አቅም የላቸውም። እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሚጠይቃቸውን ይጠብቃሉ።

ይህ ማለት ወዳጅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው ለሚያውቀው ነገር ነው፤ የሚያውቀውም ሰፈሩን ነው፤ ገና ካልፈረሰ። ግማሽ ቀን እዚያ ይዋል። ጥሩምባ ነፊው ለቀብር የሚጠራበት መንገድ፣ የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት የሚቀመጥበት ክፍል፣ ጉልቷ ላይ ቲማቲም በመደብ የምትሸጠው ሴት፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅና ደብተሩ፣ የጎረቤት ቡና፤ እነዚህን ከወዳጅ በቀር ማንም አያሳይም፤ የትኛውም ትኬት አይገዛቸውም። ወዳጅ የሚያፍርበት ይኼው ነው፤ ሊሰጥ የሚችለው ብቸኛ ነገርም ይኼው ነው። ከዚያ በኋላ እንግዳውን ታክሲ ተራ አድርሶ መልቀቅ ይገባዋል።

ብቻውን የቀረ እንግዳ ሰማያዊ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል፤ ወያላው መድረሻውን ሲጠራ ይሰማል፤ ሂሳቡን ራሱ ይከፍላል፤ መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ይላል። እንዲህ ብሎ ሽሮ ሜዳ ከወረደ የጋሞ ሸማኔዎች የሠሩትን ጥበብ በየሱቁ ተሰቅሎ ያያል። ከዚያ በእግሩ ወደ ደቡብ ይቀጥላል። ስድስት ኪሎ ላይ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጣሊያን የፈጃቸው ሰማዕታት ሐውልት አለ። ከፊት ለፊቱ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ግቢው ውስጥ ፋሺስቶች ለራሳቸው ክብር ያቆሙት ደረጃ አናት ላይ ኢትዮጵያውያን አንበሳ አስቀምጠውበታል። ትንሽ ዝቅ ሲል ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከዚያ አምስት ኪሎ፣ ከዚያ አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት፣ ከዚያ ፓርላማውና ቤተ መንግሥቱ፣ ከዚያ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት የአፍሪካ አዳራሽ ይመጣል። መጨረሻው መስቀል አደባባይ ነው። መንገዱ ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ ከሞላ ጎደል ቁልቁለት ነው።